ላፕቶፕ የማያስጨንቅ ካምኮርደር የቱ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ ሰርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። እስካሁን በኪራይ ካሜራ ነበር የምሠራው። አሁን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ አንድ ካምኮርደር ይዞልኝ ይመጣል። ዓይኔ ያረፈው ሶኒ ኤኤክስ43 እና ካኖን ኤክስኤ11 ላይ ነው። የመጀመሪያው ፎር ኬ፣ ሁለተኛው ፉል ኤችዲ ነው።

ችግሩ ላፕቶፔ ነው፤ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም። በቅርቡ በፎር ኬ የቀረጽኩትን ሰርግ ኤዲት ላደርግ ስከፍተው ምስሉ ይንቀራፈፋል። የሙሽራዋ እናት እልልታ ካለቀ በኋላ ነው አፏ የሚከፈተው! ላፕቶፕ መቀየሪያ ብር የለኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦
ፎር ኬውን ግዛ ባክህ። ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መልስ 2፦
ደንበኛው የሚያየው በስልኩ ነው፣ ተወው።

ወንድሜ፣ ካሜራውን ሳይሆን ፋይሉን እይ። ኤኤክስ43 በፎር ኬ እስከ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ይጽፋል፤ በሰዓት 45 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው። ፋይሉ ታምቆ ስለሚቀመጥ ላፕቶፕህ እያንዳንዱን ፍሬም ሲፈታ ነው የሚደክመው። ኤክስኤ11 ኤምፒ4 ላይ ቢበዛ 35 ሜጋቢት ነው፣ ይቀልልሃል። በዚያ ላይ የኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክና ሚክሰር ገመድ) መግቢያ ስላለው ድምፁን በቀጥታ ከዲጄው ሚክሰር ትወስዳለህ። እኔን ብትጠይቀኝ ለሰርግ ከፎር ኬ ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ሁለት ካርድ ላይ እኩል መቅረጽም ይችላል።

ከኤምፒ4 ይልቅ ኤቪሲኤችዲ የሚባለውን ሌላውን የፋይል ዓይነት ከመረጥክ ግን የካርዱን ፎልደር እንዳለ ገልብጥ። ረጅም ቀረጻ ወደ ብዙ ኤምቲኤስ ፋይል ይከፋፈላል። እነሱን ብቻ ነጥለህ ካወጣህ መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ሊቆረጥብህ ይችላል።

መልስ 3፦
ከአሜሪካ የሚለው ነው ያሳሰበኝ። እዚያ የሚሸጡት ካምኮርደሮች በአብዛኛው በሰከንድ 30 እና 60 ፍሬም የሚቀርጹ ናቸው። የእኛ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይልብሃል። ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ስታደርገው ይስተካከላል፤ ግን በ25 ፍሬም ከሚቀርጽ ሁለተኛ ካሜራ ጋር ስትቀላቅለው እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህ ፓል የሆነውን፣ ማለትም በ25 እና በ50 ፍሬም የሚቀርጸውን አስመጣ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ዱባይ እህቴ አለች፣ ለሷ እነግራታለሁ። ያ የተጀመረው ሰርግስ? ሙሽሮቹ በየቀኑ ይደውላሉ።

መልስ 2፦
ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ ሥራለት። ፕሪሚየር (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ላይ ፋይሎቹን መርጠህ በቀኝ ክሊክ ፕሮክሲ፣ ከዚያ ክሬት ፕሮክሲስ በል። ሌሊቱን ይሥራ፣ አንተ ተኛ። ኤዲት የምታደርገው በቀለለው ቅጂ ነው፣ ኤክስፖርት ስታደርግ ዋናውን ይወስዳል።

ጠያቂ፦
እሺ። ባለ 64 ጊጋ ካርድ ኤክስኤ11 ላይ ስንት ሰዓት ይቀርጻል?

መልስ 2፦
በ35 ሜጋቢት 4 ሰዓት አካባቢ። ለመልሱ ሌላ ካርድ ያዝ።