ሮሪን ሸጬ ሮዝን ገዛሁ፤ የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?

ካርት አጣቢው (ቨርጂኒያ)

(ኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ.) ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ እሠራለሁ። ካርት (ተጫዋቾች ሜዳው ላይ የሚነዷትን ትንሿን መኪና) አጥባለሁ፣ ማታ ቻርጅ ላይ እሰካለሁ፣ ጠዋት ደርድሬ አወጣለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጎልፍን ያወቅኩት እዚያው ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ኳሷን በእግራቸው ሄደው የሚፈልጓት ከሆነ ለምን ከጅምሩ ይመቷታል?" እል ነበር። አሁን ሰው ሲመታ ሳላይ፣ ከድምፁ ብቻ ጥሩ ይሁን መጥፎ እለያለሁ።

ማስተርስ የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር ሊጀመር ሲል፣ ረቡዕ ማታ፣ ስልኬ ላይ ባለው የትንበያ ገበያ "ጎልፈኛው ሮሪ ማክኢልሮይ ያሸንፋል?" ለሚለው "አዎ"ን ገዛሁ። 300 ኮንትራት፣ አንዱ በ12 ሳንቲም። ለማያውቅ፦ ሮሪ ካሸነፈ አንዱ ኮንትራት 1 ዶላር ይከፍላል። ካላሸነፈ ወረቀት ነው። እስከዚያ ግን ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፣ መሃል ላይ መሸጥ ይቻላል። 36 ዶላር ለኮንትራቱ፣ 2 ከ22 ለኮሚሽን። ሂሳቤ ውስጥ የነበረችውን 38 ከ22 ጥርግ አድርጌ ማለት ነው።

ለምን ሮሪ? ዘንድሮ ፔብል ቢችና ፕሌየርስ የሚባሉትን ውድድሮች አሸንፎ ነው የመጣው። ከ2014 ወዲህ ግን ሜጀር (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) አላሸነፈም ነበር። ከአራቱ ሜጀሮች የቀረው ማስተርስ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ለቆየ ዕዳ ልቤ ይራራል።

ሐሙስ 15ኛውና 17ኛው ጉድጓድ ላይ ሁለት ደብል ቦጊ (ለጉድጓዱ ከተመደበው ሁለት ምት የበለጠ) ሠርቶ በ72 ምት ጨረሰ፤ ጎልፍ ላይ ያነሰ የመታ ነው የሚያሸንፈው። በቃ አልኩ። ዓርብ 66፣ ቅዳሜ 66። እሑድ ሲነሣ በሁለት ምት ይመራል።

እሑድ ሆሳዕና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሥራ ገባሁ። የዘንባባ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነው፣ በአንድ እጄ የውሃ ጎማ፣ በሌላው ስልኬ። የክለቡ ባር ቴሌቪዥን በመስኮት ይታየኛል። ሮሪ መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ደብል ቦጊ! ሁለተኛው ላይ ተፎካካሪው ብራይሰን ዲሻምቦ ቀደመው። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ሮሪ መልሶ ወሰደው። ከ10ኛው በኋላ በአራት ምት ሲመራ፣ እውነት ለመናገር ብሩን አስቤ ጨርሼ ነበር። ለባለቤቴ የፋሲካ ጫማ።

ከዚያ 13ኛው መጣ። መቶ ያርድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ማንም ሰው ፊት ለፊቱ ሳይቆም፣ ኳሷን ጅረቱ ውስጥ ጨመራት። ደብል ቦጊ። 14ኛው ላይ ቦጊ (አንድ ምት የበለጠ) ጨመረበት። ወዲያ ማዶ ደግሞ ጠዋት በሰባት ምት ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው ጀስቲን ሮዝ በርዲ በበርዲ (ከተመደበው አንድ ምት ያነሰ) ሆኗል። ስልኬ 46 ሳንቲም ይላል። "ሽጥ" የሚለውን ተጫንኩ። ሲሸጥልኝ ግን መቶው በ44፣ መቶው በ41፣ መቶው በ38 ሆኖ አገኘሁት። 123 ዶላር፣ ኮሚሽን 5 ከ08።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ሮሪ 15ኛው ላይ ዛፍ አዙሮ የመታትን ኳስ አያችኋት? በርዲ። 17ኛው ላይ በርዲ። እኔ ካርት ላይ ተቀምጬ እየነደድኩ ነው። ከዚያ 18ኛው ላይ፣ አምስት ጫማ ያህል የምትሆን ፓት (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚገፋባት አጭር ምት) ቀረችው። ሳታት! ከሮዝ ጋር እኩል ሆኑ፣ መለያያ ጨዋታ፣ ፕሌይኦፍ። ወዲያው ሮዝን በ47 ሳንቲም 240 ኮንትራት ገዛሁ። ኮሚሽን 4 ከ19። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ሮሪ በርዲ አስገብቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ አለቀሰ። እኔም ካርቱ ላይ እንዲሁ።

ሂሳቤ ውስጥ 93 ሳንቲም አለ። ዝም ብል ኖሮ 300 ዶላር ይሆን ነበር።

ጥያቄዬ፦ በአማካይ የሸጥኩበት 41 ሳንቲም የተሳሳተ ዋጋ ነበር? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ሌላም አለ። ረቡዕ ዕለት የሁሉንም ተጫዋች ዋጋ ደምሬ 127 መጣልኝ። አሸናፊው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ድምሩ 100 መሆን የለበትም?

—

አቤል ነኝ ከሳሪስ

ወንድሜ ጎልፍ አላውቅም፣ ብስጭትህ ግን ገብቶኛል። እዚህ ስምንት ጨዋታ ያለው ትኬት ቆርጠህ ሰባቱ ገብቶ አንዱ በ90ኛው ደቂቃ ሲበላህ ያው ነው። ያንተ ሽያጭ እኛ "ካሽ አውት" የምንለው ነገር አይደለም እንዴ?

—

የሜሪላንዷ

በሆሳዕና! በዘንባባ ቀለበት! ጣትህ አለመያዙ ተመስገን ነው። በዚያ ላይ እዚህ ሜሪላንድ የሎተሪና የጨዋታ ተቆጣጣሪው፣ ልክ ማስተርስ በተጀመረበት ሳምንት፣ ካልሺ የሚባለውን የትንበያ ገበያ ድርጅት የስፖርቱን ነገር አቁም ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። ቨርጂኒያ ገና ነው እንጂ የናንተም ይመጣል።

ጫማውን ግን ግዛላት።

—

ባለ ዳይሱ (ላስ ቬጋስ)

እኔ ክራፕስ (የዳይስ ቁማር) ጠረጴዛ ላይ 17 ዓመት ቆሜያለሁ። ሰው ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። "ዝም ብል ኖሮ" በጣም ከሚባሉት አንዱ ነው።

መጀመሪያ ለአቤል፦ ይመሳሰላል፣ አንድ ግን አይደለም። ካሽ አውት ላይ ዋጋውን የሚነግርህ ቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ የራሱን ቆርጦ ነው የሚነግርህ። እዚህኛው ላይ ከዚያ ማዶ ሌላ ሰው አለ፣ ወይ የሰው ማሽን። ቤቱ ኮሚሽኑን ነው የሚበላው፣ ማን አሸነፈ ማን ግድ የለውም። ያኔ ጥያቄው "ቤቱ ሸወደኝ ወይ" ሳይሆን "እኔ የሸጥኩትን የገዛው ማን ነው? ምን አይቶ?" ነው።

እዚያ ላይ ነው አንተን የጎዳህ። ባሩ መስኮት ላይ የምታየው ቴሌቪዥን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ኳሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ አንተ ስታይ፣ ፈጣን መረጃ የሚገዙት ዋጋቸውን አንሥተው ዞር ብለዋል። የሚገርመው፣ ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ ካንተም ያነሰ ነው የሚያውቀው። ማስተርስ የሚካሄድበት አውጉስታ ተመልካች ስልክ ይዞ አይገባም። 13ኛው ላይ የሆነውን 18ኛው ጋ የቆመ ሰው የሚያውቀው ከጩኸቱና በእጅ ከሚለወጠው ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ገበያው ላይ ያሉት በሙሉ ስክሪን የሚያዩ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ የመጨረሻው አንተ ነህ። ጎማ ይዘህ።

46 አይተህ በ41 የተሸጠልህም ለዚህ ነው። 46 ማለት "መጨረሻ የተገበያየው ዋጋ" ነው እንጂ 300 ኮንትራት በ46 የሚገዛ ሰው ቆሟል ማለት አይደለም። መርካቶ ገብተህ "ትናንት ኩንታሉ ስንት ተሸጠ?" ብለህ ሁሉንም በዚያ ዋጋ አራግፋለሁ እንደማለት ነው። የሚፈልግ ሰው በ44 ለመቶ ቆሟል፣ ሌላው በ41፣ ሌላው በ38። አንተ "በመጣው ዋጋ ሽጥ" ስላልክ ሁሉንም ጠራርገህ ወረድክ። "ከ46 በታች አልሸጥም" የሚል ሊሚት ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ላይሸጥልህም ይችላል፣ እሱ ነው ችግሩ። በነገርህ ላይ ያን ቀን ባይሸጥልህ 300 ዶላር ነበር።

ስለ 127ቱ። ረቡዕ ላይ ምናልባት ዝርዝሩን እስከ ታች ድረስ ደምረሃል። ማስተርስ ዘንድሮ 95 ተጫዋች ነበረው። ውስጡ የ67 ዓመቱ በርንሃርድ ላንገር አለ፣ የ65 ዓመቱ ፍሬድ ካፕልስ አለ፣ አማተሮች አሉ። ላንገርን አከብራለሁ፣ የመጨረሻ ማስተርሱ ነበር፣ ግን ያሸንፋል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ትክክለኛ ዋጋው የሳንቲም ቁራሽ ነው። ገበያው ግን ከ1 ሳንቲም በታች አይሸጥም። ሠላሳ እንዲህ ዓይነት ሰው ቢኖር ያው ሠላሳ ሳንቲም ሆነ። በዚያ ላይ የደመርከው መግዣውን ነው። መሸጫውን ብትደምር ከ100 በታች ይመጣልሃል። መሃሉ ላይ ያለው ልዩነት እየገዛ እየሸጠ የሚያድር ሰው እንጀራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። 41 ስህተት ነበር ወይ? ከአንድ ውጤት ይህን ማወቅ አይቻልም። 18ኛው ላይ ያቺን ፓት እንያት። ከአምስት ጫማ እነዚህ ባለሙያዎች ከመቶ 77 ያህሉን ያስገባሉ። ካስገባ አለቀ። ከሳተ ፕሌይኦፍ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለት ሰው ስለሆነ ግማሽ በለው። 77፣ ከቀረው 23 ግማሹ፣ ወደ 88 ሳንቲም። ሳታት፣ 50 አካባቢ ወረደ። አንተ ሮዝን በ47 ገዛህ። መጥፎ ዋጋ አይደለም! ማስተርስ ላይ ፕሌይኦፍ አንድ ጉድጓድ ነው፣ የቀደመ አለቀ፣ ካልተለያዩ ሌላ ጉድጓድ። ከሌሎቹ ሜጀሮች ዩኤስ ኦፕን ሁለት ጉድጓድ ደምሮ ነው፣ ፒጂኤ ሦስት። ጉድጓዱ ሲያንስ ዕድል ይበዛል። ሮዝ ከ2017ም በኋላ እንደገና በፕሌይኦፍ መሸነፉ ያሳዝነኛል እንጂ አንተን ስለገዛኸው አልወቅስህም። የገዛኸው ተናደህ መሆኑ ግን ከጽሑፍህ ያስታውቃል።

ስለዚህ ያጣኸው 300 አይደለም። ስትሸጥ የነበረህ ነገር በ46 ሲሰላ 138 ዶላር ነበር፣ 300 አልነበረህም። በራስህ እጅ የጠፋው ይኼ ነው፦ ጠራርገህ ስትሸጥ 15 ዶላር፣ በሦስቱ ግብይት ኮሚሽን 11 ከ49። 26 ዶላር ከ49 ሳንቲም። ሌላው ዕድል ነው፣ ለሱ እዚህ ቬጋስ ማንም ሰው ይቅርታ አይጠይቅም።

እህቴ፣ ስለ ደብዳቤው ልክ ነሽ። የኛ ኔቫዳ ማርች ላይ ቀድማችኋለች፣ ኒው ጀርሲም ጽፋለች። ካልሺ ደግሞ "እኔን የሚቆጣጠረኝ የፌዴራሉ ሲኤፍቲሲ ነው" ይላል፣ ያ የስንዴና የነዳጅ ግብይት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት። ባለፈው ሳምንት የኛ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለጊዜው ለካልሺ ፈርዶለታል። እኔ የምሠራበት ቤት አልተደሰተም።

—

ካርት አጣቢው (ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 26 ከ49 ስትለኝ ቀለለኝም፣ ከበደኝም። 300 ጠፋብኝ ብዬ ሳዝን ጥፋተኛው ሮሪ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሜይ 15 ፒጂኤ ይጀመራል፣ ሻርለት ኩዌል ሆሎ የሚባለው ሜዳ ላይ። ሮሪ በዚያ ሜዳ አራት ጊዜ አሸንፏል። ባለፈው ዓመትም እዚያው ነው ያሸነፈው። አሁን በ18 ሳንቲም አለ። አይገዛም?

—

ባለ ዳይሱ (ላስ ቬጋስ)

አራት ጊዜ ማሸነፉን አንተ ካርት እያጠብክ ካወቅክ፣ የሚሸጥልህ ሰውዬ አያውቅም? 18 ሳንቲሟ ውስጥ አራቱም ዋንጫ አለ። ያልገባ ነገር ካለህ ንገረኝ። ወገቡን አሞታል፣ አዲስ ድራይቨር (የሩቅ መምቻ ዱላ) ይዟል፣ እንዲህ ያለ። "ሜዳውን ይወደዋል" ግን ሁሉም ሰው ጋ አለ።

—

የሜሪላንዷ

ቢያንስ ከፋሲካ በኋላ።

—

ካርት አጣቢው (ቨርጂኒያ)

ለነገሩ አቅሙም የለም። 93 ሳንቲሜን አስልቼ ነበር። አምስት ኮንትራት በ18 ሳንቲም 90፣ ኮሚሽን 6። ሦስት ሳንቲም ጎደለኝ።

—

ባለ ዳይሱ (ላስ ቬጋስ)

በ17 ሊሚት አስቀምጥ። 85፣ ኮሚሽን 5። ሦስት ሳንቲም ይተርፍሃል።

—

ካርት አጣቢው (ቨርጂኒያ)

ሰኞ፣ ከፋሲካ ማግስት አስቀምጣለሁ። ጫማው ተገዝቷል፣ በደሞዜ።