የዕቅድ ውይይት፦ የክረምቱ የሒሳብ ፕሮግራም ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ «24 የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጆች ለ8 ቅዳሜዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ይማራሉ» ይላል። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ። ኋላ «አላየሁትም ነበር» የሚል እንዳይመጣ።

የወላጆች ተወካይ፦ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ፓይተን ይሁን። ሥራ የሚገኘው በእሱ ነው፤ ወላጅም ስሙን ሰምቶታል።

የሒሳብ መምህርት፦ ጋሼ፣ ልጆቹ 13 ዓመታቸው ነው፤ ሥራ ፍለጋው ይቆየን። እኔን የሚያስጨንቀኝ የእኩል ምልክቱ ነው። ሰሌዳ ላይ «ሸ = ሸ + 1» ብዬ ብጽፍ ጎበዝ ተማሪ ከሁለቱም ወገን ሸን ቀንሶ «ዜሮ ከአንድ ጋር እኩል ሊሆን ነው?» ይለኛል፤ ልክም ነው። ፓይተን ላይ ግን ያው ጽሑፍ «ሸ ላይ አንድ ጨምር» የሚል ትእዛዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት በአንድ ቅዳሜ ሲፈርስ ማየት አልፈልግም። በፈንክሽን፣ ማለትም ለአንድ ግብዓት ሁልጊዜ ያንኑ መልስ በሚሰጥ ደንብ፣ ላይ በተመሠረተ ቋንቋ ስም የተሰጠው ዋጋ አይለወጥም፤ ልጁ እንደ አልጀብራ በቦታው እየተካ ይሠራል።

ፕሮግራም ጸሐፊው፦ እኔም ከመምህርት ጋር ነኝ። ራኬት የሚባለው እንዲህ ያለ ቋንቋ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሊስፕ የሚባለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ዘር ነው፤ በ1967 (በፈረንጆቹ) ለልጆች የተሠራው ሎጎ የተባለ ቋንቋም ከዚያው ቤት ነው። በፊደላችን ስም ማውጣትም ይፈቅዳል፦

(ይሁን (እጥፍ ቁ) (* 2 ቁ))

«የቁ እጥፍ 2 ጊዜ ቁ ይሁን» ማለት ነው። «ይሁን»ን እኔ ነኝ በአንድ መስመር የጨመርኳት። የቅንፉ ብዛት መጀመሪያ ያስመርራል፤ አልደብቅም።

የሒሳብ መምህርት፦ እኔ ቅንፉን ወድጄዋለሁ። የ3ን እጥፍ ካሬ ብናደርገው 36፣ የ3ን ካሬ ብናጥፈው 18። ቡና ቆልቶ መውቀጥና ወቅጦ መቁላት አንድ እንዳልሆነ ቤታቸው ያውቁታል፤ ቅንፉ የሚቀድመውን ያሳያቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ኮምፒውተሮቹ 9 ናቸው፤ ሁለቱ አይነሱም። መብራቱንም አትርሱት።

የሒሳብ መምህርት፦ እንግዲያው የመጀመሪያዎቹ 3 ቅዳሜዎች በወረቀት ይሁኑ። አንዱ ልጅ «እጥፍ»፣ ሌላው «ካሬ» ይሆናል፤ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ተቀብሎ መልሱን ጽፎ ለቀጣዩ ያቀብላል። ለ5 ጠዋት 10፣ ከሰዓት 11 የሚመልስ ልጅ ፈንክሽን አይደለም፤ ከመስመር ይወጣል።

የወላጆች ተወካይ፦ ይህ ጨዋታ ጥሩ ነው። ግን ወላጅ በመጨረሻ ምን ያያል? ቁጥር ብቻ ካሳየነው በሚቀጥለው ዓመት ልጁን አይልክም።

ፕሮግራም ጸሐፊው፦ ራኬት ሥዕልንም እንደ ቁጥር ነው የሚያየው፤ ሥዕል ተቀብሎ ሥዕል የሚመልስ ፈንክሽን ይጻፋል። ከአንድ ሦስት ማዕዘን ተነሥተው የመሶብ ስፌት ጥለት ይሥሩ፤ ሦስት ማዕዘኑ ስንት ጊዜ እንደሚደገም የምትናገረውን ቁጥር ከ6 ወደ 12 ሲለውጧት ጥለቱ ሲበዛ ወላጅ ቆሞ ያያል።

ሰብሳቢ፦ አስተካክያለሁ፦ «21 ልጆች በ8 ቅዳሜዎች ሒሳብን በፈንክሽን ማሰብ ይማራሉ፤ 3 ሳምንት በወረቀት፣ 5 ሳምንት በ7 ኮምፒውተሮች፣ ለአንዱ ሦስት ልጅ»። ፓይተን ለ9ኛ ክፍል ተላልፏል። ራኬትን የሚጭነው ፕሮግራም ጸሐፊያችን ነው። ሁለቱን የማይነሱትን ለማስጠገን ግን እስካሁን ስሙን ያስመዘገበ የለም።