ገፈርሳ ዙሪያ የእግር ጉዞ፦ ሐሳቡን አብረን እናብስለው

የጉዞ አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተባባልነው መነሻ ጽፌያለሁ። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

የማኅበራችን የዘንድሮ የእግር ጉዞ ገፈርሳ ግድብ ዙሪያ ቢሆን ደስ ይለኛል። በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችን በመኪና መስኮት አይተነው አልፈናል። ከአስፋልቱ ወርደን በእግራችን ያየነው ግን ጥቂት ነን። ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት አባላት ጋር ሄጄ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጉሙ ገና ከውሃው አልተነሳም። ማዶ ወጨጫ ተራራ ይታያል። ቤቴ ከቧንቧ የምቀዳው ውሃ መነሻው እንዲህ ያለ ቦታ መሆኑን ቆሜ ሳየው ልቤ ተነካ። ሁላችሁም እንድታዩት ፈለግሁ።

ሐሳቤ ይኸው፦ ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሃምሳ ሰው ያህል ሆነን፣ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ውሃውን ዳር ዳሩን እየዞርን።

ነባር አባል፦
ልጄ፣ ጥሩ አስበሻል። «ዳር ዳሩን» የሚለውን ግን አውጪው። ያ የመጠጥ ውሃ ነው። የለገዳዲ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. እስኪጠናቀቅ ድረስ አዲስ አበባ በዋናነት የምትጠጣው ከገፈርሳ ነበር። ዛሬም ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ያህል ያመርታል።

ሃምሳ ሰው ዳር ዳሩን ሲሄድ ሣሩ ይረገጣል። ሣሩ ሲሞት አፈሩ ይራቆታል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያን አፈር ጠርጎ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ግድብን የሚገድለው ደለል ነው። የምንጥለው ፌስታልም መጨረሻው እዚያው ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ራቅ ብለን ከላይ በጉብታው፣ ገበሬው በሚሄድበት መንገድ እንሂድ። እንዲያውም ውሃው ጥርት ብሎ የሚታየው ከላይ ነው።

ወፍ የሚከታተል አባል፦
ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ለወፎቹም የሚሻለው እሱ ነው። ውሃው ዳር ከቀረብን ሁሉም ብር ብለው ይሄዳሉ፤ ከላይ ሆነን ዝም ካልን ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ገፈርሳ ላይ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ዝይ አለ። ቆሞ ሲግጥ ግራጫ ነገር ነው፤ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ሲነሳ ግን ክንፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ይገለጣል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼበታለሁ። ሣሩ ውስጥ ደግሞ ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ሐብል ያሰረች የምትመስል ትንሽ ወፍ አለች፤ እሷም የኛው ብቻ ናት። በኅዳር ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችም ይኖራሉ። ሁለት የማቅረቢያ መነጽር አለኝ፣ አመጣለሁ። ሌላ ያለው ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሃምሳ ሰው ይበዛል። በአንድ ኮስተር ልክ፣ 25 ሰው እንሁን። የቀረው በሚቀጥለው ዙር ይሄዳል። ኪራዩን ሦስት ቦታ ጠይቄ ዋጋውን እዚሁ እጽፋለሁ። ምሳ ከከተማ አንጫን፤ እዚያው ካሉ እናቶች እንግዛ። የነቢያት ጾም ስለገባ ሽሮና ምስር ይበቃል። ሙስሊም አባሎቻችንም አብረውን ይበላሉ። ሃይላንድ አንግዛ፤ ሁሉም ኮዳውን ይዞ ይምጣ።

ቡራዩ የሚኖር አባል፦
አንድ ነገር አደራ። በዚያን ጊዜ አዝመራ ይሰበሰባል። ያልታጨደም የተከመረም አለ። በማሳ መሃል አቋርጠን እንዳንሄድ። የገበሬው ውሻ ለእንግዳ አይተኛም፤ ስለዚህ ከሰፈሩ ሁለት ልጆች ይምሩን፣ የድካማቸውን በእጃቸው እንክፈል። እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ሁላችንም «አካም ቡልተን» ብለን ሰላም ማለት እንልመድ። ሰው በቋንቋው ሲጠሩት ፊቱ ይፈታል።

አዲስ አባል፦
እግረ መንገዳችንን መናገሻ ሱባ ደንንስ ብናይ? ጉሬዛ አለ፣ የጥንት ጥድ አለ።

የጉዞ አስተባባሪ፦
የመናገሻው ለብቻው ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ለየካቲት እንያዘው፤ ሐሳቡን አንተው ጻፍልን።

የቀረውን አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ 25 አባላትን ይዞ ኅዳር መጨረሻ ላይ በገፈርሳ ግድብ ዙሪያ፣ ከግድቡ አጥር ውጭ፣ በጉብታው የእግር መንገድ ይጓዛል። መሪዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ይሆናሉ፤ ምሳም ከአካባቢው ይገዛል። የራሳችንንም ሆነ መንገድ ላይ ያገኘነውን ቆሻሻ ይዘን እንመለሳለን።»

ከአጥሩ ውጭ ብንሄድም ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንና ለወረዳው ደብዳቤ እናስገባ። ከዓመታት በፊት ከሌላ ቡድን ጋር ያለ ደብዳቤ ሄደን አንድ ግድብ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆመን ተመልሰናል። ሽማግሌዎች ነበሩ አብረውን፣ ፀሐይ ላይ። ያ እንዲደገም አልፈልግም።

ነባር አባል፦
አሁን ተስተካክሏል። እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ ጉብታው ላይ ቀስ እላለሁ። መሃል ላይ አንድ ማረፊያ ጨምሪልኝ።

የጉዞ አስተባባሪ፦
ሁለት ማረፊያ አድርጌዋለሁ ጋሼ። የመጀመሪያው ውሃው ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው።

እትዬ፣ የማኅበሩ ማኅተም እርስዎ ጋ ነው አይደል? ሰኞ ከሰዓት ደብዳቤውን ይዤ ቤት እመጣለሁ። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስገባዋለሁ።