ልጄ ላይ የተገኘው «ሞተር ፕሮቲን» ምንድነው? የጀልባ ሞተርስ አውቃለሁ

የጀልባው ሰው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ። ሞተር ሲበላሽብኝ ራሴ ፈትቼ ራሴ እገጥማለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ወረቀት ላይ «ሞተር ፕሮቲን» የሚል ቃል አይቼ ግራ ገብቶኛል።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። የሄደችውም ዘግይታ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው። በምልክት ቋንቋ ትምህርቷ ጎበዝ ናት። አምና ግን ፀሐይ ወደ ዘጌ በኩል ማዘቅዘቅ ስትጀምር መደናቀፍ አመጣች። ጀልባ የማስርበትን ገመድ አታየውም። ሁለት ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ነበር። ጎረቤት «ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብላት» አለ፤ አበላናት። አንድ ክሊኒክም ቫይታሚን ኤ እየሰጠ ለወራት አመላለሰን። አማቴ ጠበል አስጠመቀቻት፤ እሱንም አልቃወምም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ዓይኗን በደንብ አይቶ ደሟን ውጭ አገር አስላከ። ወጪውን የቻለው የባለቤቴ ወንድም ነው፣ እግዜር ይስጠው። ውጤቱ «ማዮ7ኤ የሚባል ጂን ላይ ሁለት የተለያዩ ለውጦች፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት፤ አሸር ሲንድረም ዓይነት 1ቢ» ይላል።

ጆሮና ዓይንን ምን አገናኛቸው? ሞተሩስ የቱ ጋ ነው? እኔና እናቷ ደግሞ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። እንዴት ከሁለታችንም ይመጣል? 3 ዓመት የሞላው ወንድሟስ? እሱ ይሰማል፣ በዓመቱ ነው የሄደው።

ማር ውኃ፦

ካሮት ሞክሩ። የአክስቴ ልጅ በካሮት ነው የዳነው።

ባዮሎጂ አስተማሪው፦

የአክስትህ ልጅ ቫይታሚን ኤ አንሶት ይሆናል። እንዲህ ያለው ዳፍንት በምግብና በመድኃኒት ይድናል። የዚህች ልጅ ግን ሌላ ነው፤ አሸር ሲንድረም ጆሮንና ዓይንን አብሮ የሚጎዳ፣ በዘር የሚወረስ ችግር ነው። ሐኪም ሳያዝ ቫይታሚኑን እያበዙ መስጠት ጉበት ይጎዳል፤ እባካችሁ ተዉት።

ወንድሜ፣ ያንተን ሞተር እርሳው። የሚሽከረከር ነገር የለም። ይልቅ ጀልባህን ወደ ዳር ስትስብ የምታደርገውን አስብ። ገመዱን በአንዱ እጅ ትይዛለህ፣ ትስባለህ፣ በሌላው ትቀጥላለህ። ማዮሲን 7ኤ የሚባለው ሞተር ፕሮቲን ሥራው ይኸው ነው። ገመዱ አክቲን ይባላል፣ ነዳጁ ኤቲፒ። ጡንቻህ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚስብልህም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ማዮ7ኤ ደግሞ የፕሮቲኑ ንድፍ የተጻፈበት ጂን ነው። ቦታው 11ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ በጣም ደቃቅ ዘንጎች የተተከሉባቸው ሕዋሳት አሉ። ዘንጎቹ አጭርና ረጅም ሆነው በረድፍ ቆመዋል። ከአጭሩ ጫፍ ወደ ረጅሙ ቀጭን ክር ተወጥሯል። ድምፅ ሲመጣ ዘንጎቹ ዘንበል ይላሉ፣ ክሩ ይሳባል፣ መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል። ማዮሲን 7ኤ ረድፉ እንዳይዛነፍና ክሩ እንዳይላላ ይይዛል። ሚዛን የምንጠብቅበት አካልም እዚያው ጆሮ ውስጥ ነው። ልጅህ ዘግይታ የሄደችው ለዚህ ነው። ጂኑ በፈረንጆቹ 1995 ሲታወቅ ይኸው ጉድለት ያለባቸው አይጦችም ነበሩ፤ አይሰሙም፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ክብ ይዞራሉ።

ዓይን ውስጥ ደግሞ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት በየቀኑ ጫፋቸውን እያረገፉ ከሥር አዲስ ይሠራሉ። ዕቃ ማጓጓዝ አለ፣ የረገፈውን ማንሳት አለ። ይህ ፕሮቲን በሁለቱም እጁ አለበት። ሲጎድል ሕዋሱ ወዲያው አይሞትም፣ በዓመታት ይደክማል። ቀድመው የሚደክሙት በጨለማ የምናይባቸው ናቸው። ቀጥሎ የጎን እይታ ይጠባል።

ሰባት ቤት መቁጠር ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። እንዲያውም ለውጦቹ የተለያዩ መሆናቸው ከአንድ አያት አለመምጣታቸውን ያሳያል። ሽማግሌዎቹ በደንብ ቆጥረዋል! አንድ ለውጥ ብቻ የተሸከመ ሰው ምንም አይሆንም፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል ነው። ወንድሟ ደህና ከሰማና በጊዜው ከሄደ ይህ ዓይነቱ እንዳልያዘው ተስፋ አድርግ፤ ሐኪሙ ያረጋግጥልህ። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ግን ከሦስት ሁለት ነው።

ዓባይ ማዶ፦

ጂኑን በመርፌ መቀየር ተጀምሯል ይባል የለ?

ባዮሎጂ አስተማሪው፦

ለሌላ የዓይን ጂን በ2017 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። ለማዮ7ኤ እስካሁን የጸደቀ የለም። ጂኑን የሚያደርሰው ቫይረስ የሚችለው ወደ 4,700 የጂን ፊደል ነው። የዚህ ፕሮቲን ትእዛዝ ብቻውን ከ6,600 ያልፋል። በደንገል ታንኳ አይሱዙ ማሻገር በለው። ተመራማሪዎች ለሁለት ከፍለው ሊጭኑት እየሞከሩ ነው።

ታላቅ እህት፦

ጋሼ፣ የእኔም ወንድም እንደ ልጅዎ ነው፤ አሁን 26 ዓመቱ ነው። ከጎን ሆነው በምልክት አያናግሯት፤ ፊት ለፊት ይቁሙ፣ እጅዎን ደረትዎ አጠገብ ያድርጉ። መስኮት ከኋላዎ አይሁን። ባጃጅ ከጎን ሲመጣ ስለማታይ መንገድ ስትሻገር አብረዋት ይሁኑ። ትምህርት ቤትም ይንገሩ፤ አስተማሪዎቹ ተንኮል እየመሰላቸው ወንድሜን ስንት ጊዜ ቀጡት።

ዋናው ግን ምልክቱን በእጅ ውስጥ መነጋገር ነው። እጇን እጅዎ ላይ አድርጋ ምልክቱን በመዳሰስ ታንብብ። ዓይኗ ደህና እያለ በጨዋታ ይጀምሩት። እኛ ዘግይተን ጀምረን ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንድሜ ጋር ማታ ማታ ዝም ተባብለን ነው ያሳለፍነው። መብራት ሲጠፋማ አይነሳ።

የጀልባው ሰው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም እንደሚሆነው፣ ሲያጸዱት የሚለቅ መስሎኝ ነበር።

ገመዱን ነጭ ቀለም ቀባሁት። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እጇን መዳፌ ላይ አድርጋ አንድ ነገር አለችኝ። «ዓሣ» አልኳት። ሳቀችብኝ። ደገመችልኝ። አሁንም አልገባኝም፣ እናቷ ናት የነገረችኝ፦ «እጅህ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል» ነው ያለችህ።