የታይሮይድ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ መገጣጠሚያዬን ያመኛል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የታይሮይድ ዕጢዬ ሥራ ማነሱ ታውቆ ሌቮታይሮክሲን መውሰድ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። በ25 ማይክሮግራም ጀምሬ አሁን 50 እወስዳለሁ። ድካሙና ብርድ ብርድ ማለቱ ቀለል ብሎልኛል፤ ነገር ግን ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ ደረጃ ስወጣም ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት አቁሜ ልዩነቱን ልየው እያልኩ ነው። ይህ የገጠመው ሰው ካለ ቢያካፍለኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እህቴ፣ እባክዎ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። እኔም ይህንኑ መድኃኒት ከወሰድኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል፤ በመጀመሪያው ዓመት ቁርጥማቱ እንቅልፍ ይነሣኝ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ አድርጌው ነበር። ሐኪሜ አወሳሰዴን ደረጃ በደረጃ ሲጠይቀኝ ግን፣ ለአጥንቴ ይበጀኛል ብዬ በራሴ የጀመርኩትን የካልሲየም እንክብል ከሌቮታይሮክሲኑ ጋር በአንድ ጊዜ እውጥ እንደነበር ታወቀ። ካልሲየሙ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ሁለቱን በአራት ሰዓት ካራራቅኋቸው በኋላ የቲ.ኤስ.ኤች. (የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤቴ ተስተካከለ፣ ሕመሙም በጥቂት ወራት ውስጥ እየለቀቀኝ ሄደ። ደም ማነስ ኖሮብዎ የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ደንቡ ያው ነው።

መልስ 2

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። የዕጢው ሥራ ማነስ ራሱ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ የሰውነት መገታተርም ያመጣል፤ ስለዚህ መጠኑ ገና ያልሞላለት ሰው መድኃኒት እየወሰደም ሊያመው ይችላል። ለሁለት ሳምንት አቁሞ መሞከር የሚያስተምረው ነገር የለም። ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሰባት ቀን ገደማ በመሆኑ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን እንኳ ሩብ ያህሉ ይቀራል፤ ይልቁንም የቀድሞው ድካም ሊመለስብዎ ይችላል። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያስተውሉ፤ የጠዋቱ መገታተር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም የሁለቱም እጆች ጣቶች የሚያብጡና የሚያተኩሱ ከሆነ ነገሩ ከታይሮይድ ሊያልፍ ይችላል። የዕጢዎ ሥራ የቀነሰው የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢዎን በማጥቃቱ ከሆነ፣ በዚያው ዓይነት መንገድ የሚመጣ የመገጣጠሚያ ብግነት እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ ይበዛል፤ ለእርሱ ደግሞ የተለየ የደም ምርመራ አለው።

መልስ 3

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ልጨምር። ከላይ የተባለው ሥራው ለቀነሰ ዕጢ ነው። እኔ የምወስደው ዕጢው ከመጠን በላይ ለሚሠራ ሰው የሚታዘዘውን ሜቲማዞል ነበር፤ በጀመርኩ በአራተኛው ሳምንት የእጅ አንጓዬና ቁርጭምጭሚቴ አበጡ። በዚህ መድኃኒት ጊዜ ጥፋተኛው ራሱ መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች እጅግ ቀንሰው ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን የደም ቆጠራ ማሠራት ግድ ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መገታተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቀኛል፣ እብጠትም የለኝም። የመጨረሻው ምርመራዬ ግን መጠኑ ወደ 50 ከማደጉ በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አሥር ሳምንት አልፎታል። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ በዚህ ሳምንት ቲ.ኤስ.ኤች. ተለክቼ ውጤቱን ለሐኪሜ አሳያለሁ።