«ባህር አይቶ የማያውቅ ነጋዴ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቆጪ ልጅ፦ ቅዳሜ እዚሁ ጅማ አንድ ውይይት ላይ ነበርኩ። ርዕሱ የቀይ ባህር ጠረፍ የንግድ ታሪክ ነው። ወደቦቹ፣ ምጽዋ፣ ዘይላ፣ ታጁራ ተነሱ። አንዱ ተናጋሪ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የጅማ ነጋዴ ባህር አይቶ የማያውቅ ነጋዴ ነው፤ በወደቡ ታሪክ ቦታ የለውም።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። የእዚሁ የጅማ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ኮረሪማ የት ይሄድ ነበር? አወቱ ወንዝ ውስጥ ይደፋ ነበር?

ጅሬን ቁልቁል፦ ሰውየው ምኑን ዋሸ? የእኛ አፍቀላ፣ የኦሮሞው ሙስሊም ሲራራ ነጋዴ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ዓባይን ወርዶ ጎጃም፣ ባሶ ገበያ ድረስ ነው። እዚያ ከሰሜን የወረደው ሙስሊም ነጋዴ፣ ጀበርቲው፣ ይጠብቀዋል። ሸጦ፣ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ከባሶ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ድረስ ያለው መንገድ የሌላ ሰው እንጀራ ነው።

የቆጪ ልጅ፦ እና ዕቃው የእኛ፣ ታሪኩ የሌላ?

ጅሬን ቁልቁል፦ ታሪኩ የሌላ ነው አላልኩም። ባህር አላየም ነው ያልኩት።

ፈረንጅ አራዳ፦ ጨው ስትል ሳቄ መጣ። አሞሌ፣ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው ጨው፣ ከየት ነበር የሚመጣው? ከአፋር። የአፋር ጨው ደግሞ ድሮ ቀይ ባህር ገብቶ የደረቀበት ነው። የጅማ ሰው ባህሩን ባያየውም ልሶታል 😂

ጅሬን ቁልቁል፦ ቀልድ መልስ አይሆንም።

ፈረንጅ አራዳ፦ ቁም ነገርም አለበት ወንድሜ። አሞሌ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ይወደዳል። ትግራይ ላይ አንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይዘረዝራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጥቂት። በዚያ ልዩነት ነው ነጋዴው የሚኖረው። ጠገራውስ? 1780 የሚል የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የኦስትሪያ። ባህር ተሻግሮ ነው የገባው። ባህር ያላየው ነጋዴ ባህር ያየ ብር ይቆጥር ነበር።

የድሬ ልጅ ጅማ፦ ሁሉን ነገር በምጽዋ ለምን ታስኬዱታላችሁ? በሸዋ፣ በአልዩ አምባ፣ በሐረር አድርጎ ዘይላና ታጁራ የሚወጣውስ?

ጅሬን ቁልቁል፦ መጣልህ! ድሬዎች ዘይላን ካላነሱ አያድሩም።

የድሬ ልጅ ጅማ፦ ለምን አላነሳም? ምጽዋን ቱርክ የያዛት በ1557 ነው፣ በፈረንጅ። ከዚያ ግብጽ፣ በ1885 ጣሊያን። ነጋዴ ደግሞ ቀረጥ ሲበዛበትና ጦርነት ሲነሳ መንገድ ይቀይራል። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የእናንተ ቡና በየት ወጣ? በጅቡቲ! የጎንደር መንገድ ያን ጊዜ ቀዝቅዟል።

ጅሬን ቁልቁል፦ ባቡር ስለገባ የጅማ ነጋዴ ባህር አየ? አዲስ አበባ አራግፎ ተመለሰ። ባሶ ቢሆን ፊንፊኔ፣ ያው ነው።

መንደራ፦ ቆይ እንጂ። ሐጅ የሄዱትስ? ጅማ ውስጥ ሐጂ ያልነበረበት ቤት ቁጠሩልኝ። ጅዳ በእግር ነው የሚገባው?

ጅሬን ቁልቁል፦ ሐጂ ሌላ፣ ነጋዴ ሌላ።

መንደራ፦ ድሮ ማን ለያቸው? ሐጂው ስንቁን ይዞ ሲወጣ እየነገደ ነው የሚሄደው። አንተ ለክርክር ስትል ሐጂውን ኪስ አልባ አደረግከው።

አወቱ ማዶ፦ ሁላችሁም ዝባድና ቡና ብቻ ታወራላችሁ። ሂርማታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከከፋና ከዙሪያው እየተነዱ የመጡ፣ ብዙዎቹ ልጆች። በምጽዋና በታጁራ በኩል ወደ ዐረብ አገር የተሻገሩት እነሱ ናቸው። ከጅማ ተነስቶ ባህሩን ማን አየ ካላችሁ፣ የተሸጡት ናቸው ያዩት። ነጋዴውማ ባሶ ላይ ገንዘቡን ቆጥሮ ተመለሰ።

የቆጪ ልጅ፦ አሁን ይሄን ማንሳት ምን አመጣው? የአባ ጅፋርን ስም ለማጉደፍ ካልሆነ።

አወቱ ማዶ፦ አባ ጅፋርን ማን ጠራ? እኔ ገበያ ነው ያልኩት። ስሙን ያመጣኸው አንተ።

የቆጪ ልጅ፦ የዘመኑ ሥራ ነበር። ጎንደርም ሐረርም ይሸጥ ነበር።

አወቱ ማዶ፦ ልክ ነህ፣ ይሸጥ ነበር። ለዝሆን ጥርሱ «የእኛ» ትላለህ፣ ለሰው ሲሆን «የዘመኑ»።

ፈረንጅ አራዳ፦ ይቺ ከበደች።

መንደራ፦ አወቱ ማዶ ልክ ነው፤ ግን ለንትርክ የሚመች ጊዜ መርጧል።

አወቱ ማዶ፦ መቼ ነው የሚመቸው፣ እትዬ? ቀኑን ንገሪኝና ልጠብቅ።

የድሬ ልጅ ጅማ፦ ዘይላን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጅሬን ቁልቁል፦ ዘይላህን ይዘህ ተኛ።

የቆጪ ልጅ፦ የቅዳሜውን ቅጂ የያዘ ካለ ይላክልኝ። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ቦታ የለውም» ሳይሆን «ቦታው አልተጻፈም» ነው ያለው እያለኝ ነው።

ጅሬን ቁልቁል፦ ኧረ?! ሁለት ቀን ያነታረክኸን ባልተባለ ነገር ነው?

የቆጪ ልጅ፦ «ባህር አይቶ የማያውቅ» ግን ብሏል! እሷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጅሬን ቁልቁል፦ እሷማ እውነት ናት።