ፎርማት ሳይደረግ ኮምፒውተሬን ጤነኛ አድርጌ ማቆየት እችላለሁ?

ጽሕፈት ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ያለኝ አንድ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ አራተኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት ከበራ በኋላ ዎርድ እስኪከፈት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ያመጣሉ፤ ስሰካው ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቁጭ ይላል። መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ሲሄድ ሲመጣ ይውላል።

ለጥገና በወሰድኩት ቁጥር መልሱ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ሲደረግ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዙን፣ ፎንቶቹን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር እንደ አዲስ ማስጫን አለ። ባለፈው ደግሞ የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ አብሮ ጠፋ። ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነበር፤ ደግነቱ ኢሜይሏ ላይ ተገኘ። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 አፕዴት አቁሟል ይላሉ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከኪቶ ፉርዲሳ

እህት፣ የማፍጠኛ ሶፍትዌር ጫኚበት፣ ሬጂስትሪውን፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚመዘግብበትን ቦታ፣ ያጸዳልሻል። ቫይረሱ ካስቸገረሽ አንቲቫይረስ ደርቢበት፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል።

ጠጋኝ ሂርማታ

እህቴ፣ ከፎርማቱ ልጀምር። ፎርማት የሚጠቅመው ዊንዶውሱ ራሱ ሲበላሽ ነው። ያንቺን ግን ችግሩ የት እንዳለ ሳያዩ ነው የሚደመስሱት። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደበራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብተሽ ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳሉ እዪ። ከነገርሽን ተነሥቼ ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ፣ ሲፒዩው ዝቅ ብሎ የምታገኚው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን እየጠበቀ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው። የዴስክቶፕ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7200 ዙር ይዞራል፤ የሚያነበው ጭንቅላት ደግሞ ከፋይል ፋይል እየተመላለሰ ነው የሚለቅመው። ዊንዶውስ 10 ሲነሣ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን በአንዴ ስለሚጠይቅ ጊዜው የሚያልቀው በዚያ ምልልስ ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ስለዚህ ምልልስ የሚባል ነገር አያውቅም። 240 ወይም 256 ጊጋ የሆነ የሳታ ኤስኤስዲ ያንቺ ማዘርቦርድ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ራሙንም 8 ማድረስ ጥሩ ነው፤ ለአራተኛ ጄኔሬሽን የሚሆነው ዲዲአር 3 ነው፣ ስትገዢ የነበረውን ራም ነቅለሽ ይዘሽ ሂጂ፣ የላፕቶፕ አጭሩን እንዳይሸጡልሽ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን ያለ ጥርጥር ኤስኤስዲውን አስቀድሚ። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ የድሮው እንዳለ ወደ አዲሱ ክሎን ይደረጋል፤ ፓወር ግዕዝሽም ፎንቶችሽም እንደነበሩ ይቀጥላሉ።

የኪቶ ፉርዲሳው ወንድሜ፣ በቀና ልብ እንደመከርክ አውቃለሁ፤ ግን ሁለት አንቲቫይረስ 4 ጊጋ ራም ላይ አይጫንም። አንዱን ፋይል ሁለቱም ሲፈትሹት ኮምፒውተሩ ይብስበታል። ሬጂስትሪ ማጽዳትም ፍጥነት አይጨምርም፣ ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፈውም። ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል፣ ሳይጠፋና አፕዴት እየተደረገ ከቆየ። ብዙ ቤት የማየው ግን ያልተገዛ ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ በክራክ (ፈቃዱን በሚሰብር ፕሮግራም) ሲያነቁ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላቸዋል፣ ያጠፋሉ፣ እንደጠፋ ይቀራል። የፍላሹ ቫይረስ የሚነግሠው እንዲህ ባለው ቤት ነው።

ስለ ሾርትከቱ ደግሞ፦ የተማሪዎቹ ፋይል አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ሾርትከቱን በፍጹም አትክፈቺው፤ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ስትከፍቺው ነው። ፍላሹ ላይ በቀኝ ክሊክ ዲፌንደሩን አስፈትሺው፣ ከዚያ ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት አድርጊ። አሁንም ካልታየ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሺ፤ ትክክለኛው ፎልደር ፈዘዝ ብሎ ብቅ ይላል። ከተቻለ ደንበኞችሽ በፍላሽ ፋንታ በቴሌግራም ይላኩልሽ።

ቴሌግራሙም የራሱ ጣጣ አለው። የሚላክልሽን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ያከማቻል፣ ሲ ድራይቭ የሚሞላው በዚያ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ፎልደሩን ከፍተሽ የተረከቡትን አጥፊ፣ ያልተረከቡትን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውሪ። አውቶማቲክ ዳውንሎዱን ለግሩፕና ለቻናል ዝጊው። ዊንዶውስ አላስፈላጊ ፋይሎችን በራሱ የሚያጸዳበትን ስቶሬጅ ሴንስንም ማብራት ትችያለሽ፤ ብቻ ዳውንሎድስን በተመለከተ ኔቨር የሚለው ላይ ይሁን፣ ካልሆነ የሰው ሥራ ይሰርዝብሻል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ደግሞ እዪና ጠዋት የማትፈልጊውን ዲሴብል አድርጊ፤ ፓወር ግዕዙን ተይው።

አሁን መብራቱ። መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ግዢ፤ ትንሹም ቢሆን ሴቭ አድርገሽ በሥርዓቱ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጥሻል። እሱ ላይ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ብቻ ሰኪ። የፎቶኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያቀልጡት በሙቀት ስለሆነ ሲሞቁ ብዙ ኃይል ይስባሉ፤ ዩፒኤሱን ይጥሉታል። ዩፒኤስ እስክትገዢ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ተመልሶ ጸንቶ እስኪቆይ አትሰኪ። ዎርድ ላይም ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተሽ ጽሑፉን በራሱ የሚያስቀምጥበትን (አውቶሪከቨር) በየ10 ደቂቃው የነበረውን ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። ይህችን ዛሬውኑ አድርጊልኝ፣ ምንም አታስወጣም።

እኛ ጅማ የምንኖር ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እርጥበት። ዝናቡ ረጅም ነው፣ ኮምፒውተሩ ወለል ላይ ነው፣ አጠገቡ የፎቶኮፒ ማሽን አለ። ከጽሕፈት ቤት የመጣ ኬዝ ስከፍት የማገኘው ደረቅ አቧራ አይደለም። የወረቀት ብናኝ፣ የቶነር ዱቄትና እርጥበት ተጋግረው በፋኑና የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚያወጣው ብረት (ሄትሲንኩ) መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፈው ነው። ፋኑ ይጮኻል፣ አየር ግን አያልፍም፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሶኬቱን ነቅለሽ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ትንሽ ተጭነሽ የቀረው ኃይል እንዲወጣ አድርጊ፤ ከዚያ ፋኑ እንዳይዞር በጣትሽ ይዘሽ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጊው። እርጥብ ጨርቅ አይነካው። የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ከጠቆሩ በላጲስ ቀስ ብለሽ አሽተሽ ብናኙን አራግፊ። ኬዙን ከወለል አንሺውና ከፎቶኮፒው ራቅ አድርጊው።

የዊንዶውስ 10 ወሬ እውነት ነው፤ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፣ የደህንነት አፕዴት ነው የሚቆመው። ለግል ተጠቃሚ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተሰጥቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፤ ሴቲንግ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት የምትመዘገቢበት ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ያለውን ነው። በአራተኛ ላይ አስገድደን እንጫንልሽ የሚሉሽን አትስሚ።

ሒሳብ አጋሮ

ወንድም ጠጋኝ፣ ገለቶማ፣ ለኔም ጠቀመኝ። እኔ የቡና ሒሳብ ነው የምይዘው። የእኛ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ዕለት ኢንተርኔቱ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ምንም አይከፍትም። ቫይረስ ይሆን?

ጠጋኝ ሂርማታ

ቫይረስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር 2032 ብለህ ጠይቅ፣ ሰዓት ቤትም ትገኛለች። ዌብሳይቶች የደህንነት ማረጋገጫቸው ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ ዓመቱን ሲሳሳት ጊዜው ያልደረሰ ወይም ያለፈ ይመስለዋል። ግን የሒሳብ ፋይል ከያዝክ ከባትሪው በፊት ኮፒውን አስብ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን።

ጽሕፈት ጅማ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ እንዳልከው ዲስኩ 100 ላይ ነው፣ ሲፒዩው 10 እንኳ አይሞላም። ከኪቶ ፉርዲሳ ያለው ወንድማችን ሱቅ ድረስ መጥቶ የዲስኩን ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶልኝ ነበር። ቢጫ ሆኖ «ጥንቃቄ» ይላል፣ ሪአሎኬትድ ሴክተርስ የሚለው ላይ ቁጥር አለው። አንዳንዴም ቀጭ ቀጭ ይላል። ክሎን ላስደርገው?

ጠጋኝ ሂርማታ

አይ፣ ያ ዲስክ መሞት ጀምሯል። ቢጫው ማለት የተበላሹ ቦታዎቹን በመጠባበቂያ ቦታ እየተካ ነው ማለት ነው፣ ቀጭ ቀጭታው ደግሞ ጭንቅላቱ ማንበብ እያቃተው ነው። ክሎን ብናደርገው የተበላሸውንም የዊንዶውስ ፋይል አብረን እንገለብጣለን፣ ዲስኩም ያን ሁሉ ንባብ ላይችለው ይችላል። አሁን አዲስ ዊንዶውስ ኤስኤስዲው ላይ መጫን ተገቢ ነው፤ ይህኛው ፎርማት ምክንያት አለው፣ የድሮውም ዲስክ ሳይነካ ይቀመጣል።

ዛሬ ሌላ ሥራ አትሥሪበት። በመጀመሪያ ያልተረከቡትን የደንበኛ ጽሑፎች፣ ቀጥሎ የራስሽን ሰነዶች ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ፤ ፊልምና ሙዚቃ ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደርም ኮፒ አድርጊው። የፓወር ግዕዙን መጫኛ ፈልጊ፣ የፕሪንተሩን ሞዴል ከጀርባው ላይ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። አንዱ ፋይል አልገለበጥ ብሎ ከቆመ አትታገዪው፣ ስኪፕ ብለሽ እለፊና ስሙን ጻፊልኝ፤ እሱን ለብቻው እንሞክረዋለን።